ያሕያ ያነሳው እጅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያሕያ አብዱረዛቅን በስሙ ጠርቶ ሰላም የሚለው ሰው ጥቂት ነበር። ባለባጃጁ ሲያልፍ አንድ እጁን ከመሪው ላይ ያነሳና መዳፉን ወደ እሱ ይዘረጋል። ማንጎ ሻጯ ከጥላዋ ሥር ሆና መዳፏን ታሳየዋለች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችማ ትራፊክ ፖሊስ ይመስል ተሰልፈው ነው የሚያነሱለት። ለመንገደኛ ሰው፣ ይሄ ከተማ እንዴት ፍቅር ያለው ነው ያሰኛል። ፍቅር አይደለም። «እጅ የሰጠኸው ሰውዬ፣ እንዴት ዋልክ?» እያሉት ነው።

ያሕያ አይመልስላቸውም። አንገቱን ወደ ግራ ዞር አድርጎ አይቷቸው ያልፋል። ይህቺ አንገት ማዞሩም የራሷን ወሬ ወልዳለች፤ ግማሹ ሰው ኩራት ነው ይላል፣ ግማሹ ጡጫ አናቱን አዙሮት ነው ይላል። ሁለቱም አይደለም። ያሕያ በግራ ዓይኑ አያይም። ብርሃንና ጥላ ይለይበታል እንጂ የሰው ፊት አይለይበትም። ዓይኑ ለሚያየው ሰው ደህና ስለሚመስል ይህን የሚያውቁት እሱና እናቱ ብቻ ነበሩ፤ አምስት ዓመት ሙሉ።

ነገሩ የጀመረው ከሽንኩርት ነው። አባቱ አብዱረዛቅ በሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ፣ በምላሱ ደግሞ ከሽንኩርቱ የበለጠ የሚያመርት ሰው ነው። ያሕያ በጉርምስናው ጆንያ እየተሸከመ አይሱዙ ላይ ሲወረውር ያየው ደምሴ የሚባል ጡረተኛ ወታደር፣ «ይሄ ትከሻ ለሽንኩርት ብቻ አልተፈጠረም» አለ። ደምሴ በጦር ሠራዊቱ ቡድን ቦክስ ተጫውቶ አፍንጫው የተጣመመ፣ በወጣት ማዕከሉ ግቢ አሸዋና ቡትቶ የታጨቀ ጆንያ ሰቅሎ የሰፈሩን ልጆች ሲያስደበድብ የሚውል ሰው ነው። ትምህርቱ አጭር ናት። «ከሪንግ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ዳኛው እጅህን አንስቶልህ፣ ወይ ሰው አንተን አንስቶህ። ሦስተኛ በር የለም።» ልጆቹ ይህን ከማባዣ ሠንጠረዥ ቀድመው ሸመደዱት።

ያሕያ ከሁሉም በለጠና አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ወሰደው። ማሸነፍም ጀመረ። ከዚያ በኋላ አብዱረዛቅን የሽንኩርት ዋጋ የጠየቀ ነጋዴ፣ መጀመሪያ የልጁን ግጥሚያ ከነዙሩ መስማት ግዴታው ሆነ። አባትየው ሻይ ቤት ውስጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ይቆምና በአየር ላይ ጡጫ እየሰነዘረ ያሳያል፤ አንድ ቀን የሰው ብርጭቆ አርግፏል። በዚያው ሰሞን ፈይዛ የምትባል የጀውሃ ነጋዴ ልጅ ታጨችለት። ሁለቱም ቤት ደስ አለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚያ ዝንቡ መጣ።

የክለቡ ልምምድ ላይ ግራ ዓይኑ አካባቢ ጥቋቁር ነገር ይበርበት ጀመር። ያሕያ በእጁ እሽ አለው። ተመለሰ። እንደገና እሽ አለው። ለሮቢት ልጅ ዝንብ ዜና አይደለም። ማንጎ ሲበስል ይመጣል፣ ሽንኩርት ሲላጥ ይመጣል፣ ፍየል ሲታረድማ ዘመድ አዝማድ ጠርቶ ነው የሚመጣው፤ እጅ ያባርረዋል፣ ይመለሳል፣ ሰውም ወሬውን ይቀጥላል። ያሕያ የጣርማ በር ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሁሉ ብርድ ዝንብ ከየት መጣ ብሎ በማግስቱ ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር። እሱ ግን የቆላ ልጅ ነው፤ ወር ሙሉ የሌለ ዝንብ ሲያባርር ከረመ። ጓደኞቹ «ዝንብህን በሻንጣ ይዘህ መጣህ እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ይህ ነው እንግዲህ ጥፋቱ፤ ከዚህ የተለየ ጥፋት የለበትም።

አንድ ቅዳሜ ግጥሚያ ነበረው። ሁለተኛው ዙር ላይ በነጥብ እየመራ፣ አንድም ጠብታ ደም ሳይፈሰው፣ በግራ ዓይኑ በኩል ከጆሮው ወደ አፍንጫው አንድ ጥቁር መጋረጃ ተሳበበት። ተጋጣሚው ግማሽ ሰው ሆነ። ያሕያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ቀኝ እጁን ከነጓንቱ ከፍ አድርጎ ዘረጋና «በቃ» አለ። አንድ ሰው ይህን በስልኩ ቀርጾት ነበር፤ ያሕያ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ቪዲዮው ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ደህና፣ የሚመራ፣ የቆመ ሰው እጁን አንስቶ ግጥሚያ ሲተው።

ሐኪሟ የዓይኑ የውስጥ ሽፋን ተላጦ መርገፉን ነገረችው። ቀዶ ጥገናው ሽፋኑን መለሰው፣ ማየቱን ግን አልመለሰም። «ዝንብ ያልከው ሰሞን ብትመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር» አለችው። «አሁን ያለህ አንድ ነው። ከእንግዲህ አንድ ጡጫ ፊትህ ላይ እንዳያርፍ።»

እናቱ ዙልፋ፣ የእህቴ ልጅ ወልዳለች ልጠይቃት ብላ፣ ብቻዋን አዲስ አበባ መጣች። ለባሏ አልነገረችም፤ አብዱረዛቅ ምሥጢር ካወቀ ሆዱን እንደሚነፋው የምታውቀው እሷ ነች። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የልጇን እጅ ያዘች።

«ስማኝ ያሕያ» አለችው። «ይሄ ገመና ነው። የፈይዛ አባት ለዓይነ ስውር ልጅ አይሰጥም። ቦክሱን ራሱ ተወው፣ ንግድ ሊጀምር ነው እላለሁ። እኔ ሳልፈቅድ ከአፍህ እንዳይወጣ ማልልኝ።»

«እማ፣ ፈሪ ይሉኛል።»

«ይበሉህ። ፈሪ ሚስት ያገባል።»

ማለላት። ወላሂ ብሎ ማለላት። በዚያ አገር ደዌን አደባባይ ማውጣት ነውር ነው፤ ሰው ዓይን ያስገባበታል፣ ጠላት ይደሰትበታል፣ ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ይባላል። ዙልፋ ከእናቷ የወረሰችውን ነው ያደረገችው፤ ክፋት አልነበራትም።

የፈይዛ አባት ቪዲዮውን አይቶ ሽማግሌ ላከ። «ግጥሚያ አቋርጦ የወጣ፣ ትዳርም አቋርጦ ይወጣል» አለ፤ እጮኛነቱን አፈረሰ። ዓይነ ስውርነቱን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አይታወቅም፤ ምናልባት እሺ ይል ነበር፣ ምናልባትም አይልም። ዙልፋ ያን ቀን ከኩሽና አልወጣችም። ከዚያም በኋላ ግን አልተናገረችም፤ አንድ ጊዜ የተዋሸ ነገር እየቆየ ሲሄድ እንደ ሲሚንቶ ነው የሚደርቀው።

እጅ ማንሳቱን የጀመረው ሙሀሲን የሚባል የያሕያ የልጅነት ጓደኛ ነው። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ክፉ ሆኖም አይደለም፣ ለሳቅ ነው። ከተማው ተቀበለው። በበርጫ ሰዓት ጫት ይዘው ሲቀመጡም ክርክሩ አያልቅም። አንዱ፣ «ቀሪው አንድ ዙር ብቻ ነበር፣ ምን ነበረበት ቢታገሥ?» ይላል። ሌላው፣ «ሰውዬው ራሱ ያውቃል፣ ፊቱ የኔ አይደለም» ይላል። ደምሴ ይህን ሲሰማ ያን ጠማማ አፍንጫውን ይነፋና፣ «እኔ ያላስተማርኩትን በር ከፍቶ ወጣ» ብሎ ይዘጋዋል። ከሁሉም የደምሴ ነበር ያሕያን የሚያመው።

ያሕያ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። የውሃ ሞተር ያስነሳል፣ ቦይ ይቀድዳል፣ ጆንያ ይጭናል። ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈስሳል፣ ሲጨባበጥ እጁ የሰውን እጅ ይስታል፤ ባንድ ዓይን ርቀት መለካት አስቸጋሪ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ሄደ። ሰው ሁሉን ይለምዳል፣ ያሕያም ለመደው፤ አንድ ቀን እስኪመጣ ድረስ።

በዚያ ቀን አይሱዙ ተጠግቶ ሽንኩርት እየተጫነ ነበር። ከደሴ በኩል የመጣ ነጋዴ አብዱረዛቅን፣ «ያ ቦክሱን የተወው ልጅ፣ ያንተ ነው የሚሉኝ እውነት ነው?» አለው። ያሕያ ከመኪናው ወዲያ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ አባቱ አላየውም።

«እሱ?» አለ አብዱረዛቅ። «የወንድሜ ልጅ ነው።»

አብዱረዛቅ ወንድም የለውም። ያሕያ ጆንያውን ጫነ፣ ሌላም ጆንያ አመጣ፣ ያንንም ጫነ። ከተማው ሁሉ እጁን ቢያነሳ ከተማ ነው። አባት ሲክድ ሌላ ነው።

በሳምንቱ የሮቢትና የጀውሃ ወጣቶች የቦክስ ቀን አዘጋጁ። ከጀውሃ ሷሊሕ የሚባል ልጅ ነበር፤ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ሲጠግን የሚውል፣ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ፣ ግራ እጁ እንደ መዶሻ የሚያርፍ። ያው የአዲስ አበባው ክለብ ሊወስደው ቀጠሮ ሰጥቶታል። ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ስም ሲጻፍ፣ ሷሊሕ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከሮቢት የምፈልገው አንድ ሰው ነው። ከቆመበት ከሚሸሸው ሰውዬ ጋር አጋጥሙኝ» አለ። ቤቱ ሳቀ። ደምሴ ከሰዉ መሐል የቆመውን ያሕያን ትክ ብሎ አየና፣ «የፈራ ይመለስ» አለ።

«እገጥማለሁ» አለ ያሕያ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ያሕያ ግን አሥሮ ነበር ያጠበቀው። ዙልፋ ስትሰማ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ያለችህን አንዲቷን ልታጠፋት ነው?»

«ወይ አንቺ ተናገሪ፣ ወይ እኔ ልግጠም። አባቴ ለሰው የወንድሜ ልጅ ነው አለኝ እማ።»

ዙልፋም አምስት ዓመት የዋሸችው ባል ነበራት። ነገ እነግረዋለሁ አለች፤ ነገ መጣ፣ አልነገረችውም።

ከግጥሚያው በፊት ባለው ቀን በአብዱረዛቅ ቤት ወዳጃ ተጠራ። በዚያ አገር ሁለት መንደር የሚያቧድን ነገር ሲመጣ ቂም እንዳይያዝበት ዱዓ ይደረጋል። ከአሱር ሶላት በኋላ ነው፤ ቤቱ ውሃ ተረጭቶበታል፣ ለዝንብ ብለው የኒም ቅጠል አጭሰዋል፣ ጫቱ ቀርቧል። ሼህ ዘይኑ የሚባሉ ሽማግሌ ከላይ ተቀምጠዋል። ሙሀሲን አለ፣ ከጀውሃ የመጡ አሉ፣ ደምሴ ክርስቲያን ነው ግን እንዲህ ያለ ቀን አይቀርም፤ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲያ ናቸው።

የወዳጃ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሐጃ ያለው ሰው ጉዳዩን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቤቱ ሙሉ አሚን ይላል። አሚን ከተባለበት በኋላ ያን ነገር ትቼዋለሁ ማለት የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

መጀመሪያ ሷሊሕ ተናገረ። «አላህ በሰላም አጋጥሞ በሰላም ይለየን። እኔንም ለአዲስ አበባው ክለብ ያብቃኝ» አለ። እየተናገረ በግራ እጁ ከግራ ዓይኑ ፊት እሽ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና እሽ አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ሙሀሲንም፣ ሰው ደግ ነውና፣ በጫት እንጨት ያራግብለት ጀመር።

ያሕያ ቤቱን ዞሮ አየ። ጭሱ ገና አልበረደም። ዝንብ የለም። አንድም የለም። ሷሊሕ ግን ያባርራል፤ ሁልጊዜም በግራ በኩል ብቻ።

እዚህ ላይ ያሕያን መልአክ ማድረግ ውሸት ይሆናል። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ሌላ ነበር። ይሄ ልጅ በግራ በኩል የሚመጣ ጡጫ ሊያይ አይችልም፤ ነገ ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ይወድቃል። ከተማው እጁን ያወርዳል፣ ደምሴ ይኮራል፣ አባቱ ወንበር ገፍቶ ይቆማል። በግራ በኩል ሁለት ጡጫ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ከያሕያ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱንም አወቀና ራሱን ጠላው።

«አንተስ ያሕያ፣ ሐጃህ ምንድን ነው?» አሉት ሼህ ዘይኑ።

«እኔም ያው ነው» አለ ያሕያ።

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። ቤቱ ሙሉ እጁን ዘረጋ። «አላህ ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ልጆች ነገ በሰላም አጋጥመህ…» እያሉ ቀጠሉ፤ ዱዓው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ሁሉም አፍ ለአሚን ተዘጋጀ።

«አሚን አትበሉ!»

ያሕያ ቆሞ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። የሼሁ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ደምሴ ከበሩ አጠገብ፣ «ለመሸሽ ዱዓ እስኪጀመር ምን አስጠበቀህ?» አለ። የጀውሃዎቹ ሳቁ፤ ሁለት ሦስት ሰው መዳፉን አነሳለት። አብዱረዛቅ አንገቱን ደፋ።

ያሕያ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። «እማ፣ ማልኩልሽ ነበር። ትፈቅጂልኛለሽ?»

ዙልፋ መጋረጃውን ራሷ ገልጣ ወጣች፤ ወንዶች መካከል ቆመች።

«ልጄ ግራ ዓይኑ አያይም» አለች። «ያኔ ነው የጠፋው፣ እጁን ያነሳ ዕለት። ለሰው አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ። ላባቱም አልነገርኩም።»

ማንም አልሳቀም። ሼህ ዘይኑ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ። «ዙልፋ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ሼሃችን። ይኸው አላገኘሁለትም።»

አብዱረዛቅ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጠፋው።

ሷሊሕ ግን ተቆጥቶ ተነሳ። «አላህ ይማርህ፣ አዝናለሁ። ያንተ ዓይን ከኔ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ቀጠሮ አለኝ። አልገጥምም ካልክ አልገጥምም በል እንጂ ዱዓዬን ለምን ታቋርጣለህ?»

«ዝንቡ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ነው?» አለው ያሕያ።

«የምን ዝንብ?»

«አሁን ስታባርረው የነበረው።»

«ጎማ ቤት ነው የምውለው። ጀውሃ መቼ ዝንብ አጥቶ ያውቃል?»

«እዚህስ?»

ሷሊሕ ዙሪያውን አየ። ሌላውም ሰው አየ። ሙሀሲን የያዘውን የጫት እንጨት አየና ቀስ አድርጎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ቀኝ ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍን» አለ ያሕያ። ቀኝ እጁንም ከፍ አድርጎ አነሳ፤ አምስቱን ጣቶቹን ዘረጋ። ያቺን እጅ የማያውቃት ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። «ስንት ጣት ታያለህ?»

ሷሊሕ፣ እንግዲህ ይሁን ብሎ፣ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ።

«ሦስት» አለ።

ሷሊሕ የሰዉን ዝምታ ሰማና መዳፉን አነሳ፤ አየ። እንደገና ሸፈነ። ያሕያ እጁን አላነቃነቀም።

«ሦስት ነው እኮ…» አለ ሷሊሕ፤ ድምፁ ግን የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሕዝቡ ለቦክስ ሲሰበሰብ፣ ያሕያና ደምሴ ሷሊሕን መሐል አስቀምጠው በሚኒባስ አዲስ አበባ ገቡ። ደምሴ በጉዞው መሐል፣ የጣርማ በር የመኪና ዋሻ ውስጥ ሲገቡ፣ «ብትነግረኝ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ። ያሕያ፣ «ብነግርዎትስ ምን ይሉኝ ነበር ጋሼ?» አለው። ደምሴ ሲያስብ ዋሻው አለቀ።

የሷሊሕ ዓይን ተረፈ። ቦክሱ ግን ቀረ፤ ክለቡም ቀጠሮውን ሰረዘ። ስለ ምስጋና የሚጠይቅ ካለ፣ ሷሊሕ አላመሰገነም። ጀውሃ ተመልሶ ጎማ መጠገኑን ቀጠለ፤ ያሕያ ሊጠይቀው ሲሄድ መዶሻውን አንስቶ ጎማውን መቀጥቀጥ ነበር ሥራው። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ግን አንድ በርሜል ገልብጦ፣ «ተቀመጥ» አለው።

ሸዋ ሮቢት እጅ ማንሳቱን አቆመ። ያሕያ እፎይ ያለ መስሎት ነበር፤ የተካው ነገር ግን የባሰ ሆነበት። ሙሀሲን አንድ ቀን ባጃጁን አቁሞ ወረደና፣ አስፋልት ሊያሻግረው ክንዱን ያዘው። ማንጎ ሻጯ «ምስኪን» እያለች ፍሬ ትመርጥለት ጀመር። ያሕያ በአምስት ዓመት ፌዝ ያልተቆጣውን አሁን ተቆጣ። «ልቀቀኝ!» አለው ሙሀሲንን። «ከዚህስ እጅህን ብታነሳብኝ ይሻለኛል!» ሙሀሲን ደንግጦ ባጃጁ ላይ ዘለለ፤ ትንሽ ነዳ፣ ከዚያ ሳይዞር እጁን ወደ ላይ አነሳለት። ያሕያ ሳቀ።

የበርጫው ክርክርም አልሞተም። አሁንም፣ «ያኔ ዓይኑ መጥፋቱን አላወቀም፣ ስለዚህ ፈርቶ ነው የተወው» የሚል ሰው አለ። «በነጥብ ይመራ ነበር እኮ» የሚልም አለ። እነዚህ ሰዎች ያሕያ ቢሞት ኖሮ ጀግና ይሉት ነበር፤ ቀብሩ ላይ ወጥተው፣ አፈር አልብሰው፣ ወደ ጫታቸው ይመለሱ ነበር።

አብዱረዛቅ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አልተናገረም። ለሚስቱም ለልጁም አንድ ነገር ሊል ይፈልግና ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ያሕያም አልጠየቀውም። የወንድሜ ልጅ ያለውን መስማቱን አባትየው አያውቅም፤ ዙልፋም ያን ብቻ ሳትናገር ቀርታለች።

ሽንኩርቱ እንደገና ደረሰ። አይሱዙው ተጠጋ፤ የመጣው ያው የደሴው ነጋዴ ነበር። ጆንያውን በእግሩ እየነካካ፣ «ሰማሁ፣ ያ ልጅ ዓይኑን ታሞ ኖሯል የተወው» አለ። «አሁን ታዲያ ትቶታል ይባላል ወይስ አልተወም? የወንድምህ ልጅ ያልከኝ።»

ያሕያ ከመኪናው ወዲያ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ።

አብዱረዛቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድም የለኝም» አለ። «አዎ፣ ትቶታል። ቦክሱን የተወው እሱ ነው። ልጄ ነው።»

ከዚያ አምስት ዓመት የተጠራቀመው ወሬ ተከፈተ፤ ዝንቡ፣ መጋረጃው፣ ሦስቱ ጣት፣ አንድም ሳይቀር። ነጋዴው የሽንኩርቱን ዋጋ ለመስማት ብዙ ቆመ። ያሕያ ጆንያውን ጫነና ሌላ ሊያመጣ ሄደ።